ጠግነን ስላስረከብነው ቤት፦ በሰሜን ሸዋ የቀበሌ ቤቶችን ለምታስተዳድሩ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ተዘግተው የሚፈርሱ አሮጌ የከተማ ቤቶች ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ መሥሪያ፣ ለማሳያም እንዲውሉ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት ኃላፊዎች፤

የአክብሮት ሰላምታችንን አስቀድመን በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። ጸሐፊዎቹ በሰሜን ሸዋ ከሚገኙ ደጋማ ከተሞች በአንዷ የምንኖር ሠዓልያን፣ ቀራጺዎች፣ ፎቶ አንሺዎችና ሸማኔዎች ነን። የከተማችንን ስም ሆን ብለን አልጠራንም። ከአንድ ወንበር ጋር የተጣላን እንዲመስል አንፈልግም። ደግሞም እኛ ላይ የደረሰውን በሌሎቹ የዞኑ ከተሞች ያሉ የሙያ ጓደኞቻችንም ስለሚያውቁት፣ ማንም ኃላፊ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ወደ ሌላ ቢሮ እንዳይመራው ብለን ነው። መመራቱን ጠግበናል።

ለዚህ ደብዳቤ ያበቃን ውሳኔ የሚከተለው ነው። በዋናው መንገድ ዳር፣ ምድር ቤቱ በድንጋይ የተሠራ፣ ላይኛው ጭቃ የሆነ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት አለ። መንግሥት ትርፍ የከተማ ቤቶችን በወረሰበት በአዋጅ ቁጥር 47/67 ከተወረሱት አንዱ ነው። ቀበሌው እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችን፣ ማንም የማያገላብጣቸውን መዝገቦችና ጊዜ ያለፈባቸው መፈክሮች የተጻፉባቸውን ጨርቆች ለዓመታት ሲያጭቅበት ኖሯል። ጣሪያው ሲያፈስ ያየለት አልነበረም። ቤቱን በጠየቅን ጊዜ «ይህን ፍርስራሽ ምን ልታደርጉበት ነው?» ተባልን። በጊዜያዊነት እንድንጠቀምበት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተሰጠን።

የተበሳው ቆርቆሮ በእኛ መዋጮ ተቀየረ። የበሰበሱት ወራጆች ወጥተው አዲስ እንጨት ገባ። ጭቃውን ከጭድ ጋር ራሳችን ረገጥነው፤ እስኪቦካ ጠብቀን ግድግዳውን መረግን፣ ኖራ ቀባን። ላይኛው ክፍል መሥሪያ፣ ምድር ቤቱ ማሳያ ሆነ። የመንዝ በርኖስና ባና ከዘይት ቀለም ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ታየ። ተማሪዎች ከነመምህራኖቻቸው መጡ፤ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች አህያቸውን በር ላይ አቁመው ገብተው አዩ። ክረምቱ አልፎ ቤቱ ውኃ እንደማያስገባ ከተረጋገጠ በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣ። «ቤቱ ለሌላ አገልግሎት ስለተፈለገ ቁልፉን እንድታስረክቡ» ይላል። ላወጣነው ወጪ አንድ መስመር እንኳ የለውም። ዛሬ ምድር ቤቱ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ነው፤ የሰገነቱ መደገፊያ ተነቅሎ በቦታው የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

ሞባይል የሚሸጠውን ወጣት አንከስሰውም። እሱ ተከራይቶ ነው የገባው። ቅሬታችን ቤቱ የተሰጠንም የተወሰደብንም ውል በሌለው ቃል ስለሆነ ነው። ባዶ ሳለ ጠያቂ ያልነበረው ቤት ሲጠገን ጠያቂው በዛ፤ ያደሰው ወገን ደግሞ የሚይዘው ወረቀት የለውም። በዚህ ዓይነት የሚቀጥለውን አሮጌ ቤት ማን ይጠግናል? እኛ አንጠግንም፤ ሌላውም አይሞኝም። ቤቶቹ እንደተዘጉ ቆይተው ይፈርሳሉ፣ ከዚያም «አርጅተው ፈረሱ» ይባላል።

ተዘግቶ የኖረ ቤት ለምን ቶሎ እንደሚወድቅ አናጺዎቻችን ያውቃሉ። ሰው ያለበት ቤት አንዲት ቀዳዳ ስትንጠባጠብ በዚያው ሳምንት ትደፈናለች። ምድጃ ሲጤስ የኖረበት ጣሪያ እንጨቱ ጥላሸት ስለለበሰ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ሰው ሲወጣ ጭሱ ይቀራል፣ ነቀዙ ይገባል፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ በማገሩና በቋሚው በኩል ወደ ግድግዳው እግር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጊዜ አይፈጅም።

ሁለተኛው በደል «እድሳት» ተብሎ የተሠራው ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ረዘም አድርገን መናገር ይኖርብናል። ከላይ ከጠቀስነው ቤት ብዙም ሳይርቅ ሌላ ጭቃ ቤት ነበር፤ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ በመጋዝ የተፈለፈለ ጣውላ እንደ ዳንቴል የተንጠለጠለበት። የመንገዱን ዳር ለማሳመር በተሰጠ ትእዛዝ ፊቱ በሲሚንቶ ተለስኖ ግራጫ ተቀባ። የተፈለፈለው ጣውላ «አሮጌ ነው» ተብሎ ወረደ፤ በእስር በእስር ሆኖ ለማገዶ ሲሸጥ ዓይናችን አይቷል። ያዳንነው ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው።

ጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ያወጣል። ኖራ ይህን አይከለክለውም። ሲሚንቶ ግን ደጁን ይዘጋበታል፤ ከመሬት የወጣውና ከስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቋሚውን ያበሰብሳል። ጭቃ ሲደርቅና ሲርስ ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ሁለቱ ይለያያሉ። ያም ቤት ክረምት ሲገባ ልስኑ አበጠ፣ ከነጭቃው ተዘርግፎ ወደቀ። ከዚያ ኮሚቴ መጥቶ «ለሕይወት አስጊ» የሚል ቃለ ጉባኤ ጻፈና ቤቱ ፈረሰ። በቃለ ጉባኤው ላይ ስለ ሲሚንቶው የተጻፈ ነገር የለም። ለልስኑ የወጣው ገንዘብ ለኖራና ለምርጊት ቢውል ኖሮ ቤቱ ዛሬ ቆሞ ነበር ብለን እናምናለን። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም፤ እኛ የጠገንነው ቤት፣ ከተቀማን በኋላም ቢሆን፣ ግድግዳው እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም።

አሮጌ ቤት የምንፈልገው ለትዝታ የሚመስላቸው አሉ። ሥራው ስለሚጠይቀው ነው። የእኛ አገር ብርድ የታወቀ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። አክሪሊክ ቀለም ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ በቅጡ አይያያዝም፣ ደርቆ ይፈረፈራል። የዘይት ቀለምም በብርድ መድረቁን ያዘገያል። በስስ ብሎኬትና በቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ቀን ይነድዳል፣ ማታ ይበርዳል። ወፍራሙ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ብርሃኑም እንዲሁ ነው። ሠዓሊ ከሰሜን የሚገባ ብርሃን ይመርጣል፤ ፀሐይ ቀጥታ ስለማትመታው ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። በእኛ አገር ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ራሷ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። አሮጌዎቹ ቤቶች ሰፊ ታዛ ስላላቸው በነዚያ ወራት መስኮቱን ይጋርዱታል። ግንበኞቹ ስለ ሥዕል አስበው አልሠሩትም፤ ለእኛ ግን ልክ ሆኖ ተገኘ። ጠባቦቹ መስኮቶችም ቢሆኑ በወረቀትና በብራና ላይ ለተሠራ ሥራ መልካም ናቸው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ብርሃን ይጎዳዋልና በሙዚየሞች ዘንድ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በላይ እንዳያርፍበት ይመከራል።

አሁን የት እንደምንሠራ ብትጠይቁን፦ አብዛኞቻችን ከቤተሰብ ጋር በምንኖርበት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነን። ከመካከላችን አንዱ ሸራውን የሚወጥረው ልጆቹ የሚተኙበት አልጋ ላይ ነው። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፤ ብርድ ስለሆነ ማታ አይከፈትም፤ ሕፃናቱ አኳራጅ እየሸተታቸው ያድራሉ። ቀራጺዋ ጓደኛችን ድንጋይ መጥረቡን ትታለች፤ አከራይዋ «ድምፁ ያስቸግራል» አሉ፣ አልተሳሳቱም። ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተምረው የወጡ ልጆቻችን ለምን እንደማይመለሱ በየስብሰባው ትጠይቁናላችሁ። መልሱ ይኸው።

ስለ ኪራዩም እንናገር። የኪራይ ቅጹ ላይ ያለው ምርጫ «መኖሪያ» እና «ንግድ» ብቻ ነው። ስቱዲዮ በየትኛው ይገባል? ጸሐፊዋ ግራ ተጋብታ «ንግድ» ላይ ምልክት አደረገች፤ በሱቅ ተመን ሒሳብ ተሠራብን፣ ዘይትና ስኳር የሚቸረችር ሰው የሚጠየቀውን ሁሉ ተጠየቅን። ሱቅ በየቀኑ ይሸጣል። ሥዕል በዓመት ውስጥ ላይሸጥ ይችላል። ይህ በአንድ መስመር የሚስተካከል ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ አንቆይም።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ያሳፈረን ነው። ቤቱ ከተወሰደብን በኋላ ደጋግመን ብንጮህ ምትክ ተባለልን። ምትክ የተባለው ቤት ግን ባዶ አልነበረም። አንዲት እናት ከጓሮው ክፍል እየኖሩ ከፊት ለፊቱ ጠላ የሚሸጡበት የቀበሌ ቤት ነው። «እሳቸውን ወደ ዳር እናወጣቸዋለን፣ እናንተ ግቡ» ተባልን። አልገባንም። እኛ በሥዕል ስም የአንዲት አሮጊት ጎጆ የምናስለቅቅ ሰዎች አይደለንም፤ ማንም በእኛ ስም እንዲህ እንዲያደርግ አንፈቅድም። ራሳቸውን ሄደን ስናነጋግራቸው እማማ ከእኛ የተሻለ ሐሳብ ነበራቸው፦ «የፊቱን ክፍል ውሰዱት፣ እኔ ከኋላው ልኑር፤ ሥዕል ሊያይ የመጣው ጠላዬን ይጠጣል» አሉን። ይህን በጽሑፍ አቀረብን። «አንድ ቤት ሁለት አገልግሎት አይሰጥም» የሚል መልስ መጣ። የእነዚህ ከተሞች አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፊታቸው ሱቅ፣ ጓዳቸው መኖሪያ ሆነው ነው የተሠሩት። መመሪያው የማያውቀውን ቤቱ ያውቃል።

በእርግጥ አስተዳደሮቹ ያሉበትን እንረዳለን። በ1967ቱ አዋጅ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ነበር የሄዱት። ቀበሌው ብዙውንና ደካማውን ቤት ወሰደ፤ የሚሰበስበው ኪራይ ቤቱን ሊጠግን የሚችል ሆኖ አያውቅም። ለዚህ ነው ጉልበታችንንና ገንዘባችንን ይዘን የመጣነው። የጎደለባችሁን ነገር ይዞ የመጣን ሰው በቃል አስገብታችሁ በደብዳቤ አታስወጡት ነው የምንለው።

«ቤቶቹ ቅርስ ተብለው አልተመዘገቡም» የሚለውን መልስ ደጋግመን ሰምተነዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መጠገን ቢያስፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ብሔራዊ ደረጃ የማይደርሱ ቅርሶች በክልል ደረጃ እንዲመደቡ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ትልቅ ግቢና ቤተ መንግሥት ካልሆነ አይመዘገብም የሚለው አያስኬድም። የሚመዘግበው እናንተው ናችሁ፤ ሳይመዘገብ የሚያፈርሰውም እናንተው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበባት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። ሁለቱ ግዴታዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው የተቀመጡት፤ እኛም በአንድ ቤት ውስጥ ይፈጸሙ ብንል ከሕጉ አልወጣንም።

አዲስ ነገር አምጡ ማለታችንም አይደለም። አዲስ አበባ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን መኖሪያ የከተማዋ ሙዚየም አድርጋለች። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ይዞ ቆሟል፤ ሐረር ውስጥ በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም የሚጠራው የራምቦ ቤት ጎብኚ ያስተናግዳል። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ስለ ጭቃ የሚያፍር ኃላፊ ካለ ሄዶ ይየው። እነዚህ የመኳንንትና የታዋቂዎች ስም ያለባቸው ናቸው ትሉን ይሆናል። እውነት ነው። የእኛ ከተሞች አሮጌ ቤቶች የነጋዴ፣ የጸሐፊ፣ የጠጅ ጣይ ቤቶች ናቸው፤ ለዚያውም ስለሆነ ነው ማንም ሳይጮህላቸው የሚወድቁት።

የሰሜን ሸዋ ሰው ደግሞ የጠፋ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ ከግቢው ዛሬ የሚታየው የግንብ ፍርስራሽ ነው። በዚያችው አንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስታወቶች ሠሩ፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሥራ ነው። መኖሪያቸውንና ስቱዲዮአቸውን፣ ቪላ አልፋን፣ ራሳቸው ነድፈው ያቆሙት አዲስ አበባ ነው። በየበዓሉ «የአንኮበሩ ልጅ» እያላችሁ ስማቸውን ታነሣላችሁ። ዛሬ አንድ የአንኮበር ልጅ ቡርሽ ቢያነሣ ከየትኛው ቤት ገብቶ ይሥላል?

«ተፈናቃይ ወገን በመጠለያ እያለ፣ ቤት አጥቶ የሚንከራተት ሞልቶ ለሥዕል ቤት ትጠይቃላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እናከብራለን፤ ራሳችንን ጠይቀነዋል። ሰው ሊኖርበት የሚችል ቤት ካለ ሰው ይግባበት። እኛ የምንጠይቀው እናንተው ራሳችሁ «ለመኖሪያ ብቁ አይደለም» ብላችሁ የዘጋችኋቸውን ነው። እነዚያን ቤቶች ለተፈናቃይም ለነዋሪም አልሰጣችኋቸውም፤ ተቆልፈው ነው ያሉት።

መንዝ ጓሳን ተመልከቱ። የጓሳው ሣር የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ የከብት መኖ ነው፤ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ዘግቶ ያቆየው ነበር፤ ሲፈቀድ በስምምነት ይታጨድ ነበር። የሚጠቀምበት ሰው ስለነበረ፣ ደንቡም ለሁሉም የታወቀ ስለነበረ ዛሬም ጓሳ አለ። ለቤቶቹም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ተጠቃሚና የታወቀ ደንብ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት፣ የትኛውም አሮጌ ቤት ከመፍረሱ ወይም ፊቱ ከመለሰኑ በፊት ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት አንድ ወር ይሰጥ፤ በክልል ቅርስነት ሊመዘገብ የሚገባው እንዳለም በባለሙያ ይታይ።

ለመኖሪያ ብቁ አይደሉም ተብለው የተዘጉት ቤቶች በግልጽ ውድድር ለሥነ ጥበብና ለእደ ጥበብ ባለሙያዎች ይሰጡ፤ ውሉ ከ10 ዓመት ያላነሰ ይሁን፣ በወር ማስጠንቀቂያ የሚፈርስ አይሁን። ተከራዩ ለጥገና ያወጣውን የከተማው መሐንዲስ ገምቶ ከኪራዩ ያቀናንሰው። ውሉ ከጊዜው በፊት ቢቋረጥ ያልተቀናነሰው ይከፈል። ለእኛ ዋናው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ እንታገሣለን፣ ይህኛው ከሌለ ግን አንድም ቤት አይጠገንም።

በኪራይ ቅጹ ላይ «የሥነ ጥበብ መሥሪያና ማሳያ» የሚል ምድብ ይጨመር። ጭቃ ቤት በጭቃና በኖራ እንጂ በሲሚንቶ እንዳይጠገን መመሪያ ይውጣ፤ ሥራውንም የሚያውቁት ግንበኞች ገና በሕይወት አሉና እነሱ ይጠሩ። በቤቱ የሚኖር ሰው ካለ በእኛ ምክንያት አይነሣ፤ የእማማ ሐሳብ እንደገና ይታይልን።

ስለተወሰደብን ቤት ደግሞ፣ ያወጣነው ወጪ ተገምቶ እንዲመለስልን ወይም ሰው የሌለበት ምትክ ቤት ከላይ ባልነው ውል እንዲሰጠን፣ የተነቀለው የሰገነት መደገፊያም የት እንዳለ እንዲነገረን እንጠይቃለን። እንጨቱ ካልተነደደ መልሰን እንገጥመዋለን።

በእኛ በኩል፣ ማሳያው ቅዳሜና በበዓላት ለሕዝብ ያለ ክፍያ ክፍት ይሆናል። አንዱ ክፍል ለሸማኔዎች፣ ለሸክላ ሠሪዎችና ለብራና ጸሐፊዎች ይመደባል። የትምህርት ቤት ልጆች በክረምት ይማሩበታል። ቤቱን ስንረከብም ስናስረክብም ፎቶግራፍና ዝርዝር ይያዝ፤ ጎድሎ ቢገኝ እንጠየቅ።

መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠን፣ በየከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳም እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። በቃል የሚሰጥ መልስ አንቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰሜን ሸዋ የሚሠሩ ሠዓልያን፣ ቀራጺዎች፣ ፎቶ አንሺዎችና ሸማኔዎች ስብስብ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች
ለግንበኞችና ለአናጺዎች
በቀበሌ ቤት ለምትኖሩ ሁሉ